በቤት ለምትገጣጠም መኪና ሞላ እንዴት ይመረጣል?

በጓሮው ወይም በትንሽ ጋራዡ መኪና የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜውንና ገንዘቡን የሚያፈሰው ለሞተሩ፣ ለሻንሲውና ለቦዲው ነው። ሞላ ግን ብዙውን ጊዜ በመጨረሻ ይታሰባል፤ የተገኘው ይገጠምና በኋላ ይስተካከላል ይባላል።

ይሁንና መኪናዋ ፍሬን ሲያዝ ቀጥ ብላ መቆሟ፣ ኩርባ ላይ ከመንገድ አለመውጣቷ፣ ጉድጓድ ስትመታ መሪው ከአሽከርካሪው እጅ አለማምለጡ በአብዛኛው የሚወሰነው ጎማው መሬቱን ሳይለቅ በመቆየቱ ነው። ያን የሚያደርጉት ደግሞ ሞላውና አብሮት የሚሠራው አሞርዛተር ናቸው።

ሞላ በዓይን ግምት አይመረጥም። ስሌቱ ግን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አያልፍም፤ ሚዛን፣ ሜትርና ትዕግሥት ያለው ሰው ሊሠራው ይችላል።

‘ኪት ካር’ ከየት መጣ?

መኪናን በክፍል በክፍል ገዝቶ በቤት መገጣጠም ሥር የሰደደው በብሪታኒያ ነው። የሎተስ ኩባንያ መሥራች ኮሊን ቻፕማን በ1957 ሎተስ ሰቨን የተባለችውን ቀላል ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና ለገበያ ሲያቀርብ ገዥው ክፍሎቹን ወስዶ ራሱ እንዲገጣጥማቸው ዕድል ሰጠ። ምክንያቱ ግብር ነበር። በጊዜው በተጠናቀቀ መኪና ላይ የሚጣለው የግዢ ግብር ያልተገጣጠመውን አይመለከትም ነበር።

በ1973 የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲተካ ይህ ጥቅም ቀረ። በዚያው ዓመት የሰቨንን የማምረት መብት ኬተርሃም የተባለው ድርጅት ወሰደ። ልማዱ ግን አልጠፋም። በ1996 ሮን ቻምፒየን በጥቂት ፓውንድ የስፖርት መኪና መሥራት እንደሚቻል የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ። ብዙ ብሪታኒያውያንም የአሮጌ ፎርድ ኤስኮርት ሞተርና አክስል እየነቀሉ፣ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ እየበየዱ ‘ሎኮስት’ የሚባሉትን መኪኖች ሠሩ። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ደግሞ ብሩስ ማየርስ በ1964 በቮልስዋገን ላይ የፋይበር ቦዲ የሚጫንባትን ማየርስ ማንክስን አስተዋወቀ።

በምሥራቅ አፍሪካም መኪናን በአገር ውስጥ የመሥራት ምኞት አዲስ አይደለም። ኬንያ በ1990 ንያዮ ፓዮኒር የተባሉ የሙከራ መኪኖችን ለሕዝብ አሳይታለች። በኡጋንዳ የማካሬሬ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን በ2011 ኪራ ኢቪ የተባለችውን ባለ ሁለት መቀመጫ የኤሌክትሪክ መኪና ሠርተው ነድተዋል። በክፍለ አህጉሩ ከተሞችም የሞተር ብስክሌት ሞተር፣ የአሮጌ መኪና አክስልና የተበየደ ቱቦ አዋሕደው መኪና የሚሠሩ ወጣቶች በየጊዜው ብቅ ይላሉ።

ለሁሉም የሚገጥማቸው ጥያቄ አንድ ነው። ሞላው የተሠራው ለሌላ መኪና፣ ለሌላ ክብደት ነው። ለአዲሷ መኪና ይሆናል ወይ?

ሞላ የሚሠራው ምንድን ነው?

እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሮበርት ሁክ በ1678 ያሳተመው ሕግ ዛሬም የሞላ ሁሉ መነሻ ነው። ሞላ የሚታጠፈው በተጫነበት ኃይል ልክ ነው፤ ኃይሉ በእጥፍ ሲጨምር እጥፋቱም በእጥፍ ይጨምራል። አንድን ሞላ በ1 ሚሊ ሜትር ለመጭመቅ የሚያስፈልገው ኃይል የሞላው ግትርነት ይባላል። የሚለካውም በኒውተን በሚሊ ሜትር ነው።

በመኪና ላይ ክብደት ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው በሞላው ላይ ያረፈው ነው፤ ሻንሲው፣ ሞተሩ፣ ቦዲውና ተሳፋሪው። ሁለተኛው ከሞላው በታች ያለው ነው፤ ጎማው፣ ቸርኬው፣ ፍሬኑ፣ አክስሉ። ጎማው ጉብታ ሲያገኝ ይህ የታችኛው ክፍል ብቻ ከፍ ብሎ እንዲመለስ፣ የላይኛው ግን በቦታው እንዲቆይ ማድረግ የሞላው ሥራ ነው።

ሞላው ከልክ በላይ ለስላሳ ከሆነ መኪናዋ ትዘቅጣለች። ጉድጓድ ስትመታም መጨረሻዋን ትነካለች። ከልክ በላይ ግትር ከሆነ ደግሞ ጎማው የመንገዱን ገጽ መከተል ትቶ ይነጥራል። አየር ላይ ያለ ጎማ አይዞርም፣ አያቆምም፣ አይገፋም። በተለይ ከ600 ኪሎ ግራም ብዙም በማይዘል መኪና ላይ ግትር ሞላ ‘የስፖርት’ ስሜት ይስጥ እንጂ ከመንገዱ ጋር ያላትን ቁርኝት ይቀንሳል።

ስለዚህ የክፍል ለጋሿን መኪና ሞላ እንዳለ መውሰድ ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። ከባድ መኪናን እንዲሸከም የተሠራ ሞላ ቀላሏን መኪና ወደ ላይ አቁሞ ያስቀራታል። የቮልስዋገኑ ከባድ የብረት ቦዲ ተነሥቶ በፋይበር ሲተካም የሚታየው ይኸው ነው።

በቅድሚያ ሚዛን

የመጀመሪያው እርምጃ መኪናዋን መመዘን ነው፤ አጠቃላይ ክብደቷን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ጎማ የሚሸከመውን ለየብቻ። ለጭነት መኪና የተተከለ ሚዛን ለዚህ ሥራ ሻካራ ነው። የእህል ነጋዴዎች የሚገለገሉበት ጠፍጣፋ ሚዛን የተሻለ ነው፤ አንድ ብቻ ከተገኘም በየተራ መጠቀም ይቻላል። ዋናው ነገር ሌሎቹ ሦስት ጎማዎች ከሚዛኑ ጋር እኩል ከፍታ ላይ እንዲያርፉ ከሥራቸው ጣውላ ማስገባት ነው። አለዚያ ውጤቱ ያሳስታል።

ሲመዘን አሽከርካሪው በመቀመጫው፣ ነዳጁም በታንኩ ሊሆን ይገባል። በ600 ኪሎ መኪና ላይ 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከክብደቷ ስምንት እጅ አንዱን ያህል ነው። ቦዲው ገና ካልተሠራ ቦታውን በአሸዋ ከረጢት መተካት ይቻላል።

ከዚያ ከሞላው በታች ያለው ይቀነሳል። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ፍሬንና መያዣው ተመዝነው፣ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት ክንዶች ክብደት ግማሹ ይታከልበታል። ለምሳሌ የፊት አንዱ ጎማ የሚሸከመው 154 ኪሎ ቢሆንና ከሞላው በታች ያለው 24 ኪሎ ቢሆን፣ በሞላው ላይ ያረፈው 130 ኪሎ ነው። የሚቀጥለው ስሌት የሚሠራው በዚህ ቁጥር ነው።

ምን ያህል ግትር? መልሱ በድግግሞሽ ነው

መሐንዲሶች ስለ ሞላ ሲነጋገሩ ከግትርነቱ ይልቅ መኪናዋ በሰከንድ ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ ትላለች ብለው ይጠይቃሉ። ይህ የተፈጥሮ ድግግሞሽ በኸርዝ ይለካል። ጥቅሙም ክብደታቸው የተለያየ መኪኖችን በአንድ መለኪያ ማወዳደር ማስቻሉ ነው። ምቾትን የሚያስቀድሙ የቤት መኪኖች ከ1 እስከ 1.5 ኸርዝ ይሆናሉ። በመንገድ ላይ የሚነዱ የስፖርት መኪኖች ከ1.5 እስከ 2 ይደርሳሉ። ከዚያ በላይ ያለው ለስላሳ የውድድር ሜዳ ለሚሮጡት ነው።

ድግግሞሹ በቀጥታ ከመዝቀጥ ጋር ይያያዛል። መኪናዋ በራሷ ክብደት ሞላዋ ላይ ስታርፍ ጎማው በ25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከዘቀጠ ድግግሞሹ 1 ኸርዝ ነው። በ11 ሴንቲ ሜትር ከዘቀጠ 1.5 ይሆናል፤ በ6.2 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ደግሞ 2 ኸርዝ። ኮምፒውተር ቀርቶ ወረቀት የሌለው ሠሪ እንኳ በሜትር ብቻ መኪናዋ ከየትኛው ወገን እንደምትመደብ ሊገምት ይችላል።

ለምሳሌያችን መኪና 1.6 ኸርዝ እንምረጥ። የሚያስፈልገው ግትርነት የሚገኘው ድግግሞሹን በ6.28 አባዝቶ፣ ውጤቱን በራሱ አባዝቶ፣ በክብደቱ በማባዛት ነው። 1.6 በ6.28 ሲባዛ 10.05 ይሆናል፤ በራሱ ሲባዛ 101፤ በ130 ኪሎ ሲባዛ 13,130 ኒውተን በሜትር፣ ማለትም ወደ 13.1 ኒውተን በሚሊ ሜትር። ብዙ ሠሪ እዚህ ላይ ያቆምና ሞላ ለመግዛት ይሄዳል። ስህተቱ የሚፈጠረውም እዚሁ ላይ ነው።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ስሌት

የተገኘው 13.1 በጎማው ላይ የሚያስፈልገው ግትርነት ነው። ሞላው ግን ከጎማው በላይ በቀጥታ አይቆምም፤ ክንዱ ላይ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይታሰራል። ስለዚህ ጎማው 10 ሚሊ ሜትር ሲነሣ ሞላው ምናልባት 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ይጨመቃል። ይህ 0.7 የእንቅስቃሴ ጥምርታ ይባላል። ሞላው ሳይገጠም ጎማውን በክሪክ ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ የሞላው ሁለት መታሰሪያዎች ምን ያህል እንደሚቀራረቡ በመለካት ይገኛል።

ጥምርታው የሚሠራው ሁለት ጊዜ ነው። ሞላው የሚጨመቀው ባነሰ ርቀት በመሆኑ የሚሰጠው ኃይል ያንሳል፤ ያም ኃይል ወደ ጎማው ሲደርስ በክንዱ ርዝመት ምክንያት እንደገና ያንሳል። ስለዚህ ጥምርታው በራሱ ይባዛል። 0.7 በ0.7 ሲባዛ 0.49 ነው። 13.1 ለ0.49 ሲካፈል 26.8 ኒውተን በሚሊ ሜትር ይሆናል። መገዛት ያለበት ሞላ ይኸ ነው።

ጥምርታውን በራሱ ማባዛት የዘነጋ ሠሪ 13.1ን ለ0.7 አካፍሎ 18.8 ይገዛል። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። በመንገድ ላይ ግን ጎማው በ97 ሚሊ ሜትር ፈንታ በ138 ይዘቅጣል፤ መኪናዋ ከታሰበው 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብላ ትቆማለች። ከፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ጋር የምትገናኘው የሞተሩ የዘይት ቋት ይህችን 4 ሴንቲ ሜትር ትፈልጋታለች።

የተገኘ ሞላ እንዴት ይለካል?

አዲስ የውድድር ሞላ በላዩ ግትርነቱ ይጻፍበታል። በምሥራቅ አፍሪካ ያገለገሉ ዕቃዎች ገበያ የሚገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከየት እንደተነቀለ አይታወቅም። ቢሆንም መለካት አይከብድም።

ሞላው ጠንካራ ወለል ላይ ይቆማል፤ እንዳይወድቅ በውስጡ ቱቦ ይገባል። ከላዩ ጠፍጣፋ ጣውላ ተደርጎ ቁመቱ ይለካል፤ ከዚያ 50 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት የሲሚንቶ ከረጢቶች ተጭነው እንደገና ይለካል። 100 ኪሎ 981 ኒውተን ነው። ሞላው 37 ሚሊ ሜትር ከተጨመቀ፣ 981 ለ37 ሲካፈል 26.5 ይመጣል፤ ለምሳሌያችን መኪና የሚሆን ነው። አራቱም ሞላዎች መለካት አለባቸው። ግራና ቀኙ ከተለያዩ ፍሬን ሲያዝ መኪናዋ ወደ አንድ ወገን ልታደላ ትችላለች።

የሽቦው ውፍረትም ጠቃሚ ምልክት ነው። ጥቅል ሞላ በውፍረቱ ላይ እጅግ ጥገኛ ነው፤ ሽቦው ከ10 ሚሊ ሜትር ወደ 11 ሲወፍር፣ ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ ግትርነቱ በ46 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ በዓይን ‘አንድ ዓይነት’ የሚመስሉ ሁለት ሞላዎች ፈጽሞ ላይመሳሰሉ ይችላሉ።

ግትርነቱ ቢስማማም ቁመቱ ላይስማማ ይችላል። በምሳሌያችን ሞላው መኪናዋ ቆማ ሳለች 68 ሚሊ ሜትር ተጨምቋል። ጎማው ጉብታ ሲመታ 70 ሚሊ ሜትር እንዲነሣ ከተፈለገ ሞላው ተጨማሪ 49 ሚሊ ሜትር ይጨመቃል። በጠቅላላው 117 ሚሊ ሜትር ሲጨመቅ ጥቅሎቹ እርስ በርስ መነካካት የለባቸውም፤ ከተነካኩ ሞላው ወደ ብረት ዘንግነት ይለወጣል፤ ምቱም በቀጥታ ሻንሲው ላይ ያርፋል። መጨረሻውን ሊይዝ የሚገባው ለዚሁ የተሠራው ማረፊያ ላስቲክ ነው። በተቃራኒውም መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ ጎማው ሲንጠለጠል ሞላው ከመቀመጫው መውጣት የለበትም።

ወሳኙ መንገዱ ነው

ከብሪታኒያ የሚመጣ የሞላ ምክር በአብዛኛው የአስፋልት ምክር ነው። በጠጠርና በጉድጓድ መንገድ ለሚነዳ ሰው ከግትርነት የሚበልጠው ጎማው የሚንቀሳቀስበት ርቀት ነው።

የዚህ ጥሩ ማሳያ የምሥራቅ አፍሪካ የሳፋሪ ራሊ ነው። በ1953 የተጀመረው ይህ ውድድር በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ መንገዶች ላይ ፈጣን መኪኖችን ብቻ ሳይሆን ጽኑዎችን የሚለይ ነበር። በ1960ዎቹ ፔጆ 404 በተደጋጋሚ አሸንፋለች፤ በ1975 እና በ1978 ደግሞ ተራው የ504 ሆነ። ሁለቱም የሚታወቁት ለስላሳና ረጅም ርቀት በሚጓዝ የሞላ ሥርዓታቸው ነው። በአፍሪካ መንገዶች ላይ ለረጅም ዘመን ስማቸው በበጎ የተነሣበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። መንገዱ መጥፎ ከሆነ ከ1.3 እስከ 1.5 ኸርዝ መምረጥና ለጎማው ወደ ላይ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ቦታ መተው ከግትር ሞላ ይሻላል። የጎማውን ክፍተት ከሻንሲው ንድፍ ጀምሮ ማሰብ ግን ግድ ነው፤ ከተበየደ በኋላ ቦታ አይፈጠርም።

ፊትና ኋላ፣ ሞላና አሞርዛተር

ፊትና ኋላ አንድ ዓይነት ድግግሞሽ አይሰጣቸውም። ጉብታውን ቀድሞ የሚያገኘው ፊቱ ነው፤ ኋላው ጥቂት ቆይቶ ይደርሳል። ሁለቱ እኩል ከሆኑ መኪናዋ እንደ ጀልባ ወደፊትና ወደኋላ ትናጣለች። በ1930ዎቹ በጄኔራል ሞተርስ ይሠራ የነበረው ሞሪስ ኦሊ ኋላው ጥቂት ፈጠን ካለ ፊቱን ደርሶበት መኪናዋ ጠፍጣፋ ሆና እንደምትረጋጋ አሳይቷል። ዛሬም በመንገድ መኪኖች ላይ የኋላውን 10 በመቶ ገደማ ከፍ ማድረግ የተለመደ መነሻ ነው።

ይሁንና ኋላውን ከልክ በላይ ማገተር አደጋ አለው። ኩርባ ላይ ቀድሞ የመያዝ ኃይሉን የሚያጣው ይበልጥ ግትር የሆነው ወገን ነው። ፊቱ ከሆነ መኪናዋ ወደ ውጭ ትገፋለች፤ አሽከርካሪው ነዳጁን ሲለቅ ትመለሳለች። ኋላው ከሆነ ግን ጭራዋ ይከዳል፤ ልምድ ለሌለው ሰው መመለሻ የለውም። ለመጀመሪያ መኪና የመጀመሪያው ባሕርይ ይመረጣል።

ሞላ ብቻውን መወዛወዝ እንጂ መቆም አያውቅም። የሚያስቆመው አሞርዛተሩ ነው፤ እርሱም ከሞላው ጋር መመጣጠን አለበት። የሞላውን ግትርነት በእጥፍ የጨመረ ሰው የአሞርዛተሩን ኃይል በ40 በመቶ ገደማ ማሳደግ ይኖርበታል። ለከባድ መኪና የተሠራ አሞርዛተር በቀላል መኪና ላይ ሲገጠም ደግሞ ጎማውን ወደ ጉድጓዱ እንዳይወርድ ያስረዋል።

ፈጽሞ የማይደረጉ

ሞላን ቆርጦ ማሳጠር መኪናዋን ዝቅ ከማድረግ ያለፈ ነገር ያደርጋል። ስምንት የሚሠሩ ጥቅሎች ካሉት ሞላ አንዱ ሲቆረጥ ግትርነቱ በ14 በመቶ፣ ሁለት ሲቆረጡ በ33 በመቶ ይጨምራል። የተቆረጠው ጫፍ በመቀመጫው ላይ በትክክል ስለማያርፍም ጎማው ሲንጠለጠል ሊወጣ ይችላል።

ሞላን በጋዝ እሳት አሙቆ ማውረድ ከዚህም የከፋ ነው። የሞላ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በልኩ ግሎ፣ በዘይት ቀዝቅዞ፣ እንደገና በልኩ በመሞቁ ነው። እሳት ያንን ያፈርሰዋል። የተጎዳው ክፍል ቀስ በቀስ ይዘቅጣል ወይም አንድ ቀን በድንገት ይሰበራል። በአጠገቡ ሲበየድ የሚፈናጠር ፍንጣሪም ለስንጥቅ መነሻ ስለሚሆን ሞላው መሸፈን ወይም መነቀል አለበት።

በሦስተኛ ደረጃ የሚመጣው ባሌስትራ መደረብ ነው። ተጨማሪ ጭነት ለመሸከም በፒክአፕና በሚኒባስ ላይ አንድ ሁለት ቅጠል መጨመር በክፍለ አህጉሩ የተለመደ ነው። መኪናዋ ቀጥ ብላ ስለቆመች ጭነቱን የቻለችው ይመስላል። ፍሬኑ፣ ጎማውና አክስሉ ግን እንደ ድሮው ናቸው። ባዶዋን ስትሄድም ኋላዋ ይነጥራል፤ ያን ጊዜ ፍሬን መያዝ የሚቻለው በከፊል ብቻ ነው።

ከአደጋ ሁሉ የቀረበው ግን ጋራዥ ውስጥ ያለው ነው። ተጨምቆ የታሰረ ሞላ ሰው ለመግደል የሚበቃ ኃይል ይዟል። ለዚሁ በተሠራ መጭመቂያ ካልሆነ በሽቦ ወይም በገመድ ታስሮ ብሎኑ አይፈታም።

ከመንገዱ በፊት

ስሌቱ ሲያልቅ ሥራው አያልቅም። ሠሪው ሞላውን ገጥሞ የእያንዳንዱን ማዕዘን ከፍታ ይለካል፤ በስሌቱ ከተጠበቀው ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ከራቀ ክብደቱ ወይም ጥምርታው በስህተት ተወስዷል ማለት ነው። ቀጥሎ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያዞረ፣ ጎማውን ከፍ ዝቅ እያደረገ የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠርና ጎማው ከምንም ነገር ጋር እንዳይነካካ ያያል። ከዚያ በዝግ ቦታ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት ሙከራ ይደረጋል። በማረፊያው ላስቲክ ላይ ቀጭን ግራሶ ከተቀባ መጨረሻውን ነክቶ እንደሆነ ምልክቱ ይነግራል። ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ከተነዱ በኋላም ብሎኖቹ ሁሉ እንደገና ይጠበቃሉ።

በብሪታኒያ እንዲህ ያለ መኪና መንገድ ላይ ከመውጣቱ በፊት በመንግሥት መርማሪዎች የነጠላ ተሽከርካሪ ፍተሻ ማለፍ አለበት። በምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የምዝገባው ሥርዓት እንደየአገሩ ይለያያል፤ ስለዚህ ብየዳው ከመጀመሩ በፊት የሚመለከተውን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት መጠየቅ ከኋላ ጸጸት ያድናል። መርማሪ በሌለበት ቦታ ደግሞ የመጀመሪያው መርማሪ ሠሪው ራሱ ነው፤ ክብደቱ፣ ጥምርታው፣ ግትርነቱና ከፍታው በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፈው ቢቀመጡ ከእርሱ በኋላ መኪናዋን የሚነዳውም ሰው ይጠቀምባቸዋል።